ስልክ በክፍል ውስጥ፦ ከልክለንም ለቅቀንም ያየነው

ይህን የምጽፈው መስከረም በመጣ ቁጥር በስልክ ጉዳይ ስብሰባ ለሚቀመጡ መምህራን፣ ዩኒት ሊደሮችና የወላጅ ኮሚቴ አባላት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስልክ ጭራሽ ሲከለከል፣ ቀጥሎ ለየመምህሩ ፈቃድ ሲተው፣ በመጨረሻም በሥርዓት ሲያዝ ምን እንደሚመጣ አይተናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያተረፉልን ጭቅጭቅ፣ የጠፋ ስልክና ያኮረፈ ወላጅ ነው። ሌላው ትምህርት ቤት ሦስተኛው ላይ በአጭሩ ቢደርስ ደስ ይለኛል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» የሚለው ክርክር ስብሰባ ያሞቃል እንጂ ክፍል አያረጋጋም። መጠየቅ ያለበት መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ባዞረባት ደቂቃ ስልኩ የት ነው የሚለው ነው። ጉልበት ላይ ከሆነ ደንቡ ምንም ይበል፣ ትምህርቱ ተበላሽቷል። ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ መምህሩም ሲያስፈልገው አስወጥቶ ሲጨርስ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ስልክ ያግዛል እንጂ አይጎዳም። እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ግን ቤት ይቅር ባይ ነኝ፤ በዚያ ዕድሜ ስልክ የሚጠይቅ የትምህርት ሥራ እምብዛም የለም፣ የሚጠፋውና የሚሰበረው ግን ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ላሉት ነው።

ነገሩ እንዴት ተባባሰ? ድሬዳዋ ውስጥ ስማርት ስልክ ማግኘት ድሮም ከባድ አልነበረም፤ ታይዋን ገበያ ወርዶ እንደ አቅሙ ያልገዛ የለም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 የሙከራ አገልግሎቱን በአገሪቱ መጀመሪያ የከፈተውም እዚሁ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁለት ሲም ይዞ የየትኛው ፓኬጅ ይረክሳል እያለ የሚያወዳድር ሆነ። በ2015 ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፣ ፒዲኤፉ ግን በቴሌግራም በአንድ ቀን ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ተዳረሰ። መጽሐፉ ስልኩ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን ሳያስተውል «ስልክ ክልክል ነው» ያለ ትምህርት ቤት ሳያውቀው መጽሐፉንም ከልክሏል።

በክልከላው ዘመን መጀመሪያ የተሞከረው በር ላይ መሰብሰብ ነበር። ሒሳቡን አስቀድሞ የሠራ ሰው አይሞክረውም። አንድ ስልክ ተቀብሎ፣ ስም ጽፎ፣ ቁጥር ለጥፎ ማስቀመጥ በትንሹ 25 ሴኮንድ ይፈጃል። 300 ስልክ ቢመጣ 7,500 ሴኮንድ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ሁለት ዘበኛ ቢጨመርበት እንኳ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ሲመለስም ያው ሰልፍ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያ ፀሐይ! ተማሪው ሰልፉን ሲጠላ ስልኩን ካልሲ ውስጥ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ፣ የጓደኛ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ይጀምራል፤ አለዚያም ከበሩ ፊት ለፊት ላለ ባለሱቅ በትንሽ ብር ያስጠብቃል። እዚያ የጠፋ ስልክ ጣጣው ዞሮ ትምህርት ቤቱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ቀጥሎ የመጣው «የተያዘ ስልክ እስከ ሰኔ አይመለስም» የሚለው ነው። ጥብቅ ይመስላል፤ ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። አንደኛው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ወራት ከተቀመጠ ከሚገባው በታች ይወርድና ቻርጀር ቢሰኩበትም አልነሳ ይላል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በተዘጋ ቢሮ፣ በብረት ካዝና ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያም ይበልጣል። ባትሪው ያብጣል፣ የስልኩ የጀርባ ክዳን ይነሳል። ወላጁ በሰኔ መጥቶ እንዲህ ያለ ስልክ ሲረከብ ስለ ልጁ ጥፋት ሳይሆን ስለ ስልኩ ዋጋ ነው የሚያወራው፤ እውነቱን ነው። ያበጠ ባትሪ ካጋጠማችሁ አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ፀሐይ በሌለበትና የሚቀጣጠል ነገር በማይነካው ቦታ አስቀምጡና በቶሎ ጠጋኝ ጋ ይሂድ።

ክልከላው ሲደክም ነገሩ ለየመምህሩ ተተወ። ይሄኛው ከክልከላውም የባሰ ነበር። በአንደኛው ክፍለ ጊዜ የእንግሊዝኛው መምህር መዝገበ ቃላት ያስወጣል፣ በሁለተኛው የሒሳቡ መምህር ስልክ ያየ ይቀጣል፣ በሦስተኛው መምህሩ ራሱ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ተማሪው ደንብ የለም ብሎ ይደመድማል፤ አልተሳሳተም። ጎልቶ ያልታየው ጉዳት ግን ደብተሩ ላይ ነበር። ሰሌዳው በፎቶ መነሳት ከጀመረ ማስታወሻ መጻፍ ይቀራል። ኅዳር ላይ ደብተር ሲታረም ከጥቅምት ወዲህ ባዶ የሆነ ሞልቷል፤ ፎቶዎቹ ደግሞ ከቲክቶክ ቪዲዮና ከሠርግ ፎቶ ጋር ተደባልቀው የፈተና ሰሞን የሚያገኛቸው የለም።

ጥናቱም ከዚህ አይርቅም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም የትምህርት ክትትል ሪፖርት ላይ፣ አንድ ተማሪ ሐሳቡ በስልክ ከተበታተነ በኋላ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት እንደሚችል ተጽፏል። የእኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ አንድ የቴሌግራም መልእክት ግማሹን ወሰደች ማለት ነው። ፒሳ በተባለው የብዙ አገር ተማሪዎች በሚለኩበት የ2022 እ.ኤ.አ. ፈተና ላይ፣ በአብዛኛው ባደጉት አገሮች ከተጠየቁት ተማሪዎች በአማካይ 59 በመቶው፣ ቢያንስ በአንዳንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሌላ ተማሪ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሐሳባቸውን እንደሚበትነው ተናግረዋል። «የራሴን ስልክ ብነካካ ማንን እጎዳለሁ?» ለሚል ተማሪ መልሱ ይሄ ነው። ቤላንድና መርፊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በአራት የእንግሊዝ ከተሞች 91 ትምህርት ቤቶችን አይተው ያገኙትም የሚያስገርም ነው፦ ስልክ ሲከለከል የተሻሻለው በተለይ የደካማው ተማሪ ውጤት ነው፤ ጎበዙ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ወላጅ ስብሰባ ላይ ይህን ማንሳት ይጠቅማል፤ «የእኔ ልጅ ስልክ ይዞም ጎበዝ ነው» ለሚለው አባት ሳይሆን አጠገቡ ዝም ብለው ለተቀመጡት።

ፈረንሳይ በ2018፣ ብራዚል በ2025 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክለዋል። እነሱ ዘንድ ግን መጽሐፉ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ አለ። ስለዚህ ደንባቸውን እንዳለ መገልበጥ ለእኛ አይሆንም።

አሁን ወደ ሥራው። ዝግጅቱ ነሐሴ ላይ ይጀመራል፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የወጣ ደንብ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላል። ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይጻፍ፤ ወላጅ በምዝገባ ቀን ይፈርምበት። ሦስት ነገር በግልጽ ይኑረው። ስልክ ክፍል ሲገባ ተዘግቶ ግድግዳው ላይ ባለው ኪስ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ኪስ ውስጥ ለገባ ስልክ ኃላፊነት አለበት፣ ቦርሳ ውስጥ ለቀረ የለበትም። የማንንም ስልክ ማንም መምህር ከፍቶ አያይም፣ የይለፍ ቁጥርም አይጠይቅም። ይቺ ሦስተኛዋ ከሌለች በተለይ ሴት ተማሪዎች ስልካቸውን አይሰጡም፤ ባይሰጡም አልፈርድባቸውም።

ኪሱን ማሰፋት ቀላል ነው፤ መጠኑ ከተሳሳተ ግን በሁለት ሳምንት ይቀደዳል። ለ50 ተማሪ 10 ኪስ በ5 ረድፍ ይበቃል። ወፍራም ጅንስ ወይም ሸራ፣ ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነውን፣ 2 ሜትር ግዙ። ለጀርባው 1.20 ሜትር በ1.05 ሜትር ይቆረጣል። ከቀሪው ላይ እያንዳንዱ ስፋቱ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.35 ሜትር የሆነ 5 ቁራጭ ይወጣል። አፉ ታጥፎ ሲሰፋ የኪሱ ጥልቀት 14 ሳንቲ ይሆናል። በየ11 ሳንቲው ወደታች ይሰፋና በእያንዳንዱ ኪስ 2 ሳንቲ ላላ ተደርጎ ይተዋል፤ ያለዚያ ሽፋን ያለው ስልክ አይገባም። በረድፍና በረድፍ መካከል ከታች እስከ ታች 18 ሳንቲ ይኑር። ስማርት ስልክ ቁመቱ 16 ወይም 17 ሳንቲ ስለሆነ ጫፉ ብቅ ይላል፣ ከሩቅ ይቆጠራል። ባለ ቁልፍ ስልክ ግን አጭር ነውና ይሰምጣል፤ ለእሱ የታችኛውን ረድፍ 9 ሳንቲ ብቻ ጥልቀት ይስጡት። ልብስ ሰፊው «አንድ ጊዜ ብቻ ከሰፋሁት ይበቃል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ የኪሶቹ አፍ ጥግና ጥጉ ላይ በድርብ ካልተሰፋ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው።

አንድ ስልክ ወደ 200 ግራም ይመዝናል፤ 50 ሲሆን 10 ኪሎ ነው። የመጥረጊያ እንጨት መሐሉ ይጎብጣል። ከላይ በኩል 10 ሳንቲ እጥፍ ተሰፍቶ የግማሽ ኢንች የውኃ ቧንቧ ይግባበት፣ ብሎኬቱ ላይም በቁጥር 8 ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ በሚገባ የብሎን መያዣ) ሦስት ቦታ ይያዝ። የላይኛው ረድፍ ከወለሉ 1.70 ሜትር ቢሆን አጭሩም ይደርስበታል። ቦታው ከሰሌዳው ጎን ነው፤ ከመስኮቱ አጠገብ አይሁን፣ በመስኮት እጅ ይገባልና። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳም አይሆንም።

እያንዳንዱ ኪስ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ በስም መጥሪያው ላይ ካለው ተራ ቁጥር ጋር አንድ ይሁን። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት ሥራውን ግማሽ የምታቀለው፤ ስም መጥራትና ስልክ መቆጣጠር አንድ ሥራ ይሆናሉና። ስልክ የሌለው ወይም ቤት ጥሎ የመጣ ተማሪ በቦታው የካርቶን ካርድ ይከታል። ካርዱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ማን ስልክ እንደሌለው ክፍሉ ሁሉ ማወቅ የለበትም። ባዶ ኪስ የሚታየው እንግዲህ ተማሪው ከቀረ ወይም ከደበቀ ብቻ ነው።

የመዝገቡ ነገር አንድ ጊዜ በመስከረም ይሠራል፦ ተራ ቁጥር፣ የስልኩ ዓይነትና ቀለም፣ የወላጅ ስልክ፣ እና ከአይኤምኢአይ ቁጥሩ (የስልኩ መለያ ቁጥር) የመጨረሻዎቹ 6 አሃዞች። *#06# ሲደወል 15 አሃዝ ይመጣል፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ያወጣል፣ የመጀመሪያውን ጻፉ። ሁለት ጥቁር ቴክኖ ተቀያይረው «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባል የሚፈርደው ይሄ ቁጥር ነው። ስልክ የቀየረ ተማሪ በዚያው ቀን ለሆም ሩም መምህሩ ያስመዘግባል።

ስልክ የሚሰበሰበው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነሳ ግድግዳው ሥር ግፊያ ይሆናል፣ ስልክ ይወድቃል፣ ስክሪን ይሰነጠቃል። የአንድ ለአምስት ቡድን መሪዎቹ የቡድናቸውን ሰብስበው ቢከቱ ከ50ው ተማሪ የሚነሳው ቢበዛ 10 ነው። ከለመዱት በሦስት ደቂቃ ያልቃል። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ይቆለፋል፤ አንድ ቁልፍ ዩኒት ሊደሩ ጋ፣ አንዱ ተረኛው መምህር ጋ። የክፍል አለቃው ቁልፍ አይያዝ፤ አንድ ስልክ ቢጠፋ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሌባ ተብሎ ይኖራል። በሩ የማይቆለፍ ክፍል ከሆነ ኪሱን ተዉትና ውስጡ የተከፋፈለ፣ ጎኑ አየር የሚያስገባ የጣውላ ሣጥን አሠርታችሁ በእረፍት ወደ ቢሮ ይወሰድ። የቆርቆሮ ሣጥን ለዚህ ከተማ አይሆንም።

ዓርብ ላይ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለጁምዓ የሚቸኩል ተማሪ ስላለ ስልክ መመለስ ከደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት ይጀመር። አንድ ጊዜ ስልክ በመመለስ ሰበብ ሶላት ያለፈው ተማሪ ሁለተኛ ኪስ ውስጥ አይከትም፤ ወላጁም ከእሱ ጋር ነው።

አሁን ስለሚያጋጥመው ማታለል። የመጀመሪያው የተበላሸ ስልክ ማስረከብ ነው። የማይሠራ አሮጌ ቀፎ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ደህናው ጉያ ውስጥ ይቀራል። «አቦ ቲቸር፣ ቻርጅ ጨርሷል እኮ!» ይባላል። መዝገቡ ላይ ካለው ዓይነትና ቀለም ጋር ማስተያየት ብቻውን አብዛኛውን ይፈታዋል። የሚጠራጠሩት ስልክ ካለ ባለቤቱ ራሱ ያብራው፤ መብራት ከጠፋበት ሰፈር ከመጣና ባትሪው በእርግጥ ካለቀ ደግሞ ቻርጀር ሲሰኩ ምልክት ያሳያል፣ የሞተ ቀፎ አያሳይም። ሁለተኛው ማታለል ሳይሆን የስልኩ ጠባይ ነው፦ ብዙ ባለ ቁልፍ ስልክ ተዘግቶም ቢሆን አላርሙ ሲደርስ ራሱን አብርቶ ይጮኻል። በፈተና መሐል ግድግዳው መጮኽ ሲጀምር ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። የአዛን አፕም በድምፅ የሚጠራው ስልኩ ካልተዘጋ ነው። ስለዚህ «ዝም አድርጉት» ሳይሆን «አላርሙን አጥፉ፣ ከዚያ ዝጉት» ነው ትእዛዙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ነገሩን የሚለውጠው አንድ ነው። ቁጥር የሌለው አንድ ኪስ ከላይ በስተግራ ለመምህሩ ይሰፋ። መምህሩ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የራሱን ስልክ ይከታል፣ ሲወጣ ይዞ ይወጣል። ይህ የተደረገበት ክፍልና ያልተደረገበት ክፍል በአንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ልዩነታቸው በሳምንት ውስጥ ይታያል። መምህራን ስብሰባ ላይ ይሄ ነጥብ ሲነሳ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ሁለት ሦስት ሰው «እኛ ልጆች ነን እንዴ?» ማለቱም አይቀርም። ግፉበት። ርዕሰ መምህሩ ለጉብኝት ክፍል ሲገባ እሱም ይክተት።

ስልክ የሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ሥርዓት አለው። መምህሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ለምሳሌ «ስልክ፦ ከ3:10 እስከ 3:20»። ከ40ው ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ንባቡ ወደ ወሬ ይዞራል። ለአንድ ዴስክ፣ ማለትም ለሦስት ተማሪ፣ አንድ ስልክ ብቻ ይውጣ። ኔትወርኩ ይዘጋል፣ ፍላይት ሞድ ይደረጋል፤ ስልኩ ዴስኩ ላይ በጀርባው ይተኛል እንጂ በእጅ አይያዝም። ተራ በተራ የተለያየ ተማሪ ስልክ ይሁን፤ ያለዚያ ሁልጊዜ የአንዱ ባትሪ ነው የሚያልቀው፣ እሱም ይሰለቻል።

ፋይሉ አስቀድሞ ስልኩ ላይ መግባት አለበት። ክፍል ውስጥ ለማውረድ መሞከር ክፍለ ጊዜውን ይበላል፤ 50 ስልክ በአንድ ጊዜ ዳታ ሲከፍት የሚገባው መጀመሪያ ፒዲኤፉ ሳይሆን የቲክቶኩ ማሳወቂያ ነው። መምህሩ ሙሉውን መጽሐፍ ሳይሆን የዚያን ሳምንት ከ6 እስከ 10 ገጽ ቆርጦ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ በዋዜማው ይላክ። ዳታ የሌለው ጠዋት ከደወሉ በፊት ከጓደኛው ያለ ዳታ ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር አፕ ይቀበል፤ ለዚህ ብር አይወጣም። ለማንኛውም ለአንድ ክፍል ሦስት አራት የታተመ ቅጂ ይኑር፤ መብራት ሌሊቱን ሲጠፋ ያደረ ዕለት የግማሹ ስልክ ባትሪ ባዶ ነው። ክፍል ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ግን አይፈቀድ። አንድ ሶኬት ካለ ሃያ ሰው ይጋፋበታል፣ የሚያስተምረው መምህር የሶኬት ዳኛ ይሆናል።

ምን ላይ ይጠቅማል? ባዮሎጂ ላይ አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ካለ፣ የስልኩን ካሜራ ዓይን ማያው ላይ ደግፎ ፎቶ ማንሳትና በየዴስኩ ማዳረስ ተሰልፎ አንድ በአንድ ከማየት ይሻላል። ካሜራው ከዓይን ማያው አንድ ሁለት ሳንቲ ራቅ ብሎ ይጀመርና ክቡ ብርሃን እስኪሞላ ቀስ ብሎ ይቅረብ፤ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የወረቀት ጥቅል ማስደገፊያ ይደረግለት። ፊዚክስ ላይ የፔንዱለም መወዛወዝን በዝግታ ቀርጾ መቁጠር፣ ሒሳብ ላይ ጂኦጀብራ በተባለው አፕ የግራፉን መንቀሳቀስ ማየት ደህና ናቸው። ማስታወሻ ለመገልበጥ ግን አይሁን። ፎቶ የሚነሳው መምህሩ «አሁን አንሱ» ያለው ብቻ ነው፤ ሰው ያለበት ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ ጭራሽ የለም። ክፍሉ ዝም እንዲልለት ብቻ ስልክ የሚያስወጣ መምህርም አለ፤ እሱን ዩኒት ሊደሩ ለብቻው ጠርቶ ይምከረው።

የወላጅ ትልቁ ፍርሃት ልጁን ማግኘት አለመቻሉ ነው፤ በድሬዳዋ ደግሞ ይህ ፍርሃት ምክንያት አለው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በሌሊት ነበር። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከበላዩ ካለው ከደንገጎ ተራራ በኩል የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ እንደሚመጣ የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። በበልግ ወራት ከተራራው ላይ ሰማይ ሲጠቁር እናት ስልክ ትደውላለች። «ዝግ ነው» የሚል ድምፅ ብቻ የምትሰማ ከሆነ በነጋታው ልጇን ስልኩን እንዲደብቅ የምታስተምረው ራሷ ናት።

ስለዚህ ቢሮ ውስጥ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ይኑር፤ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ማንም ጌም አይጫወትበትም። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሁለቱም ሲም ይግቡበት፣ አንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላው አለ። ቁጥሩ ወላጅ በፈረመበት ወረቀት ላይ ይታተም። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ተረኛ ይመደብ፤ የደወለውን ስም፣ ሰዓትና መልእክት ደብተር ላይ ይጻፍ፣ መልእክቱም በዚያው ክፍለ ጊዜ ለተማሪው ይድረስ። የማይነሳ የቢሮ ስልክ ካለበት የሌለበት ይሻላል። ወላጆቹ ገጠር ሆነው ቤት ተከራይቶ ለሚማር፣ ቤቱ የታመመ ሰው ላለበት፣ በሕክምና ምክንያት ስልክ ለሚያስፈልገው ተማሪ ደግሞ ዩኒት ሊደሩ የፈረመበት ካርድ ይሰጠው፤ ስልኩ ክፍት ሆኖ፣ በንዝረት ብቻ፣ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ደንቡን ለጣሰ ቅጣቱ አጭርና የታወቀ ይሁን። መጀመሪያ ሲያዝ ስልኩ ቢሮ ውሎ ከትምህርት በኋላ ይመለስለታል፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛ ጊዜ ወላጅ መጥቶ ፈርሞ ይወስዳል፤ ከሁለት ቀን በላይ አይደር። እስከዚያው ባትሪው ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ተዘግቶ፣ በጣውላ መሳቢያ ይቀመጥ። ሦስተኛ ጊዜ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ስልክ ይዞ አይመጣም፣ ዴስኩ ላይ በጓደኛው ስልክ ያነባል። በገንዘብ መቅጣት አትጀምሩ፤ ብሩ የት ገባ የሚለው ጥያቄ ከስልኩ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ቦርሳ መፈተሽም የመጨረሻ ነው፤ ካስፈለገ ሁለት ሰው ባለበት፣ ለሴት ተማሪ በሴት መምህር፣ ተማሪው ራሱ ዕቃውን እያወጣ ይሁን። ወላጅ ሳይመጣ ታላቅ ወንድም ነኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ስልክ አትስጡ፤ መዝገቡ ላይ ባለው የወላጅ ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ።

ፈተና ሲመጣ ኪሱም አይበቃም፤ ስልኩ ጭራሽ ከክፍሉ ይውጣ። የ2008ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዞ በድጋሚ መሰጠቱን ታላላቆቻቸው ያስታውሳሉ። ከ2015 ወዲህ አገር አቀፉ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ጀምሮ ተፈታኙ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ግቢው ውስጥ አድሮ የሚፈተነው የፈተናውን ቀናት ሁሉ ያለ ስልክ ይከርማል። ስልክ በሌለበት ሦስት ሰዓት ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲደርስ የሚረበሸው በጥያቄው ብቻ አይደለም። ከመጋቢት ጀምሮ የ12ኛ ክፍል የሞዴል ፈተና ቀን ስልክ ቤት እንዲቀር አድርጉ፤ ወላጆች ቀኑን አስቀድመው ይወቁ፣ የቢሮው ስልክም ሁለት ተረኛ ይኑረው።

ሰኔ ላይ ባለቤቱ ያልወሰደው ስልክ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይቀራል። በመዝገቡ ቁጥር ለወላጅ ይደወል፤ ካልተገኘ ዓይነቱ፣ ቀለሙና 6 አሃዙ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ለወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ በፊርማ ይረከብ፣ መምህር ጋ ግን አይደር። ኪሱን አውርዳችሁ ቧንቧውን አውጡ፣ አቧራውን አራግፉ፣ በሳሙና ይታጠብ። የሚላላው ብዙ ጊዜ የመካከለኛው ረድፍ ስፌት ነው፤ ነሐሴ ላይ ልብስ ሰፊው ጋ ወስዳችሁ በድርብ ክር አስደግሙት፣ የደበዘዘውንም ቁጥር በአዲሱ ስም መጥሪያ መሠረት ጻፉበት።